ድጋፍ መጠየቅ ልመና ነውን?



የእህቴ ልጅ የስፖርት ፎቶግራፍ አንሺ ነው ስል ሰዎች ሁለት ጊዜ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ «ሯጭ ነው?» ይላሉ። ሯጭ ሳይሆን ሯጮችን የሚያነሣ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ «እሱም ሥራ ሆኖ ነው?» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። በእኛ በደሴ ከተማ ፎቶ አንሺ ማለት ሰርግ የሚቀርጽ፣ ለመታወቂያና ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ነው። ልጁም ቢሆን የሚተዳደረው በዚሁ ነው፤ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። እሑድ ግን ሆጤ ሜዳ ላይ እግር ኳስ ካለ አይታጣም። በሳምንቱ ውስጥም ከፈጅር ሶላት በኋላ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ልምምድ የሚሠሩ ወጣት ሯጮችን ተከትሎ ይሄዳል። ዕድሜው 23 ነው።

አባቱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሲያይ ቆይቶ ባለፈው ዓመት ቆረጠ። ፓስፖርት አወጣለትና «የአጎትህ ልጆች ጂዳ ሄደው ለእናታቸው ቤት ሠርተዋል፤ አንተ ጭቃ ላይ ተንበርክከህ የሰው እግር ታነሣለህ። አንድ ዓመት እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ካሜራው እንጀራ ካላመጣ ትሄዳለህ» አለው። ልጁ እኔ ዘንድ መጣ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ «ጋሼ፣ ከውጭ አገር ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ማመልከቻ ይጻፉልኝ» አለኝ።

«አልጽፍልህም፤ አብረን እንጽፋለን» አልኩት።

ይህን የማነሣው የአንድን ቤተሰብ ጉዳይ ለማውራት ብቻ አይደለም። ወንድ ልጃቸው ወይም ሴት ልጃቸው «ለፊልም ሥራ፣ ለሥዕል፣ ለጽሑፍ ድጋፍ ላመልክት ነው» ሲላቸው ግራ የሚገባቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። የልጁ አባትም ነገሩን በሁለት ቃል ዘጋው፤ «የፈረንጅ ምጽዋት» አለው። እውነት ምጽዋት ነውን?

በልጅነቴ ጧት ጧት መድረሳ ኪታብ እቀራ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። መድረሳ ከቀራነው ውስጥ የወቅፍ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ሰው ንብረቱን ወቅፍ ሲያደርግ ያስቀመጠው ሁኔታ ይከበራል። ለደረሳ ቀለብ የተባለው ለሌላ አይውልም። የሚጠቀመውም ሰው ያንን ሁኔታ የሚያሟላ ሰው ነው፤ ችግረኛ መሆን ብቻውን አይበቃም። የእነዚህ ድርጅቶች ድጋፍ ወቅፍ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ጎዳና ላይ እጅ ከመዘርጋት ይልቅ ለዚያ ይቀርባል፤ ዓላማ አለው፣ ውል አለው፣ ሒሳብ አለው፣ ሒሳቡም ይጠየቃል።

አንዳንዶቹ እንዴት እንደተቋቋሙ ሳነብ ይህ ሐሳቤ በረታ። ኢያን ፓሪ የተባለ የእንግሊዙ ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ፎቶ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የሩማንያን አብዮት ሊዘግብ ሄዶ በ24 ዓመቱ ሞተ። በስሙ ለወጣት ፎቶ ጋዜጠኞች የሚሆን ድጋፍ ተቋቋመ። አሜሪካዊው ዩጂን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሞት እንዲሁ በስሙ ፈንድ ተመሠረተ፤ የሰውን ኑሮ ቀርበው በትዕግሥት ለሚከታተሉ ፎቶ አንሺዎች እ.ኤ.አ. በ1980 መስጠት ጀመረ። በሆላንድ ያለው የፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በሥራቸው ጀማሪ ለሆኑ የኪነ ጥበብ ሰዎች የሚሆን ሽልማት አስጀምሮ ለ100 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 5,000 ዩሮ ሰጥቷል፤ አፍሪካውያንም የሚገቡበት ነው። የሟች ስም በሕያዋን ሥራ እንዲቀጥል ማድረግ እኛ ሙስሊሞች የማናውቀው ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ገባን። በስፖርት ስም ብቻ የተከፈተ በር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በሆላንድ የተጀመረው ታዋቂው የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር እንኳ ለብዙ ዓመታት ለስፖርት የተለየ ክፍል ነበረው፤ ከ2022ቱ ውድድር ጀምሮ ግን አመዳደቡን በዓለም ክፍሎች ስላደረገው የስፖርቱ ክፍል ቀርቷል። እንግዲህ የስፖርት ፎቶ አንሺ በሰፊው በር ከሌላው ጋር ተጋፍቶ መግባት አለበት። ኳስ መረብ ስትነካ የምታሳይ ፎቶ ይዞ ቢሄድ ማን ያየዋል? እንዲህ ያለውን የሚያነሡ፣ ክንድ የሚያህል ሌንስ የተሸከሙ ሰዎች በየታላላቁ ስታዲየም ሞልተዋል።

ታዲያ የደሴ ልጅ ምን አለው? ይህን ስንነጋገር ሦስት ማታ ፈጀን። መልሱን ያገኘነው በአበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ምሽት ነበር፤ መንገዱን ወታደሮች በችቦ ያበሩለት ነበር። የዚያን ምሽት ሩጫ ዛሬም ድረስ እናየዋለን፤ የቀረጹት የውጭ ካሜራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ ወንድማችን ሙሐመድ ከድር ደግሞ ነሐስ ሲያገኙም እንዲሁ። የፍጻሜው መስመር ፎቶ ሞልቷል። ሯጩ ገና ማንም ሳያውቀው፣ ጧት በብርድ፣ በተቀደደ ጫማ ዳገት የሚወጣበት ፎቶ ግን የት አለ? እዚያ ሰዓት ላይ እዚያ ቦታ የሚገኘው ጎረቤቱ ብቻ ነው። ልጁ ጎረቤታቸው ነው። የሯጮቹን እናቶች ያውቃል፤ አሠልጣኙ በስሙ ይጠራዋል። ያለው ሀብት ይህ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ በሁለት ሳምንት ሊገዛው አይችልም።

ያም ሆኖ ልጁ በራሱ እጅ ያረቀቀው የመጀመሪያው ጽሑፍ ከዚህ አንዱንም አልያዘም ነበር። «እኔ ከድሃ ቤተሰብ የተወለድኩ ነኝ። ካሜራዬ አሮጌ ነው። እባካችሁ እርዱኝ። እናንተ ለአፍሪካ የምታደርጉትን እናደንቃለን» ይላል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እስክደርስ ስለ ሩጫ አንድ ቃል የለም! እኔ ሳልደርስበት ለአንድ ድርጅት ልኮት ኖሮ በስድስት ሳምንት «አልተመረጡም» የሚል ባለ ሦስት መስመር መልስ መጣለት። ጽሑፉ ውሸት አልነበረም፤ ቤተሰቡ ድሃ ነው፣ ካሜራውም አሮጌ ነው። ነገር ግን ድህነት ሥራ አይደለም። ያንን ወረቀት የሚያነብ ሰው ከፊቱ ብዙ መቶ ማመልከቻ ተከምሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዟል፤ ይህ ሰው ምን ሊሠራ ነው፣ ለምንስ እሱ? ጥያቄውን የማይመልስ ልመና ነው፤ የሚመልስ ግን የሥራ ውል ማቅረብ ነው። በእኔ እይታ ልዩነቱ ያለው ገንዘቡን በሚሰጠው ሰው ዘንድ ሳይሆን በጠያቂው አጻጻፍ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ የረቀቀ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ረቂቁን አይቶ «ጦርነቱን ጨምሩበት፤ ፈረንጅ የሚወደው እሱን ነው» አለን። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ድረስ መጥቶ ከተማችን ለሳምንታት በሕወሓት ኃይሎች ሥር ነበረች። ከሯጮቹ መካከል የሸሹ አሉ፤ ዘመድ የቀበሩም አሉ። ግን ጧት ጧት ዳገት የሚወጡት ስለ ጦርነት ብለው አይደለም። አንዱን ልጅ ልጁ ራሱ ጠየቀው፤ «ለምን ትሮጣለህ?» «ታላቅ ወንድሜን ልቀድመው» አለው። ይኸው ነው። ይህን «የጦርነት ቁስል የሚፈውስ ሩጫ» ብሎ መጻፍ ሰውን በራሱ ፎቶ ላይ ማስዋሸት ይሆን ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀኑን ጠቅሶ፣ ከተማዋ ያለፈችበትን የሚገልጽ ብቻ አስገባን፤ ከዚያ ወደ ዳገቱ ተመለስን።

ፎርሙን መሙላት ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በመጀመሪያ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በአንዱ ፎርም የአባቱን፣ በሌላው የአያቱን ቢሞላ፣ ገንዘቡ ሲመጣ ባንኩ «ይህ ሰው አንተ አይደለህም» ይለዋል። ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው፣ አንድም ፊደል ሳይለወጥ፣ በሁሉም ቦታ እንዲጽፍ አደረግን። መሐመድ የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው አስቡት! የልደቱ ዘመን ደግሞ 1994 ነው። ይህንን እንዳለ ቢሞላው ለእነሱ የ31 ዓመት ሰው ሆኖ፣ ለወጣት ከተወሰነው ዕድሜ አልፎ ይገኛል። ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለወጥነው። የማመልከቻው ማብቂያ በግሪንዊች ሰዓት 23:59 ሲባልም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው፤ ኔትወርክ ባለበት ከተማ ይህ ብዙም አያስጨንቅም፣ እኛ ግን ፎቶዎቹን ሁለት ቀን ቀድመን ላክን።

በጀቱ ላይ ብዙ ተከራከርን። ልጁ ገንዘቡን በሙሉ ሌንስ ሊገዛበት ፈለገ። ምክንያቱ ይገባኛል። የሚሮጥ ሰው እግር ሳይደበዝዝ እንዲቀረጽ የካሜራው መዝጊያ በሰከንድ አንድ ሺሕኛ ያህል መፍጠን አለበት። ንጋት ላይ ደግሞ በቂ ብርሃን የለም። በጥቂት ብርሃን በዚያ ፍጥነት ለማንሣት ብርሃን በሰፊው የሚያስገባ ሌንስ ያስፈልጋል፤ እሱም ውድ ነው። ሆኖም ሰጪው የሚገዛው ሥራ እንጂ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ሌንስ ለሦስት ወር መከራየት፣ የባጃጅ ኪራይ፣ ፎቶ ቤቱ ለሚያስቀርበት ደመወዝ ማካካሻ፣ ለሯጮቹ ቤተሰቦች የሚታተም ፎቶ እያልን መስመር በመስመር ጻፍን። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ ሒሳቡ የተሠራበትን ቀንና ምንዛሪ ከሥሩ አስፈርን። ቁጥር አናጋነን፣ አናሳንስም አልን። አሳንሶ መጠየቅ ትሕትና የሚመስላቸው አሉ፤ ሥራውን የማያስጨርስ ገንዘብ መቀበል ግን ሁለቱንም ወገን መጉዳት ነው።

በዚህ መካከል አንድ የስፖርት ውርርድ ድርጅት ለወጣት ፎቶ አንሺዎች የሚሰጠው ገንዘብ እንዳለ ሰማን። ብሩ ጥሩ ነው፣ ፎርሙም አንድ ገጽ ብቻ። ልጁ ዓይን ዓይኔን አየ። ቁማር ነው፤ ሌላ ምን ይባላል? አለፍነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አሥራ ሁለት ፎቶ ይጠየቃል። ልጁ ከሁለት ሺሕ በላይ አለው። አሥራ አንዱን መርጠን የቀረችውን አንዷን እሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃታል። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በዝናብ ዳገቱን ልትጨርስ ስትል ሻርፗ ወደ አንገቷ ወርዷል፤ ፀጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ጥርሷን ነክሳለች። ከኋላዋ ደመና የያዘው የጦሳ ተራራ ይታያል። እኔ ስለ ፎቶ ብዙ አላውቅም፤ ነገር ግን ያቺን ፎቶ ያየ ሰው ሌሎቹን አሥራ አንዱን ለምን እንደተነሡ ይገባዋል።

ልጅቷን ጠየቃት። ፎቶዋን አይታ ሳቀች፤ «እኔ ነኝ እንዴ? ደስ ትላለች፣ ላካት» አለችው። ፎርሙ ግን ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። እናቷ ዘንድ ሁለታችንም ሄድን። ቡና ተፈልቶ፣ ፎቶዋን በስልክ አሳየናቸው። እናት ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩዋት። ከዚያም «ልጆቼ፣ መሮጧን አልከለከልኳትም፤ ስትሮጥ ብታነሷትም አልጠላም። ይህችን ግን አገር ለአገር አታዙርብኝ። ሻርፗ የወረደው በዝናቡ ነው እንጂ ፈልጋ አይደለም» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም። በር ላይ ደርሰን «ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ፈቅዳለች። ይህች ፎቶ ከሌለች አልመረጥም። ባልመረጥ ደግሞ ጂዳ ነው» አለኝ። የሚለው ሁሉ እውነት ነበር። ያ አንድ ዓመት ከተሰጠው ሰባት ወር አልፏል።

ፎቶ ማንሣት ራሱ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ዑለማዎቻችን ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ እዚህ አልገባበትም። ያስጨነቀን ጥያቄ ሌላ ነበር፤ አንድ ሰው እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ማን ነው? እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 2024 ፓሪስ ላይ ሲፋን ሐሰን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸንፋ፣ ሜዳሊያዋን ለመቀበል ስትወጣ ሒጃብ አድርጋ ነበር። በሩጫው ላይ እንዴት እንደምትታይ እሷ ወሰነች፤ በመድረኩ ላይ እንዴት እንደምትታይም እሷው ወሰነች። ዐዋቂ ናትና የሚጠይቃት የለም። የእኛዋ ልጅ ግን 16 ዓመቷ ነው፤ የሻርፗንም መውረድ የወሰነው ዝናቡ ነው። ይህን ለልጁ ነገርኩት። «አንተ ሁለት ዓመት ጠብቅ። 18 ሲሞላት ራሷ ትወስን። ፎቶዋ አይበላሽም» አልኩት።

ማታውን አላደረም እንበል፤ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ፎቶዋን አውጥቶ በምትኩ የአሠልጣኙን እጅ ከነሰዓቱ የሚያሳይ ፎቶ አስገባ። ጥሩ ፎቶ ነው። ግን ያቺን አይተካም፤ ሥራው እንደደከመ መካድ አይቻልም። ሦስት ወር ጠብቀን መልሱ መጣ፤ አልተመረጠም። ፎቶዋ ብትኖር ይመረጥ ነበር ወይ? አላህ ያውቃል። ልጁ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁትም።

ያልጠበቅነው ነገር የመጣው ከአባቱ በኩል ነው። የበጀቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አግኝቶት አስነበበ፤ ልጁ እየተረጎመ አነበበለት። የባጃጅ ኪራይ፣ የሕትመት ዋጋ፣ ወር በወር የሚሠራው ሥራ። አባቱ ሱቅ የነበረው ሰው ነው፤ ሒሳብ ይገባዋል። «ይህን ሁሉ አስበህበት ነው? እኔ ዝም ብለህ ሰው እግር ስታይ የምትውል መስሎኝ ነበር» አለው። ስድስት ወር ጨመረለት።

በእነዚያ ስድስት ወራት ልጁ ሌላ ቦታ አመለከተ። ጽሑፉ በአብዛኛው ያው ነበር፤ የፎቶ መግለጫዎቹን ግን አሻሽሎ ጻፋቸው፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በስንት ሰዓት፣ ያለ አንድ የውዳሴ ቃል። ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ ሳይነኩ ያሉበትን ፋይል አንድ በአንድ አስቀመጠ፤ መራጮቹ መነካካት አለመኖሩን ለማየት ይጠይቃሉና። እነዚህኞቹም ጠየቁት፤ በማግስቱ ላከላቸው። በመጨረሻም የጠየቀውን ግማሽ ፈቀዱለት። አልሐምዱ ሊላህ። በግማሹ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚቀር አዲስ ዕቅድ ጽፎ ውሉን ፈረመ። የሌንሱን ኪራይ ከሦስት ወር ወደ ስድስት ሳምንት አወረደው፤ ለቤተሰቦቹ የሚታተመውን ፎቶ ግን አልነካውም። የዚያችን ልጅ ፎቶ ከሁሉ አስቀድሞ አሳትሞ ለእናቷ ሰጣቸው፤ ከሣጥናቸው ውስጥ፣ ከነጠላቸው ሥር እንዳስቀመጧት ነግረውኛል።

አሁን በየጁሙዓው ምሳ ላይ ተሰብስበን ስንቀመጥ አባቱ ስለ ጂዳ አያነሣም። «ሪፖርቱን ላክህ ወይ?» ነው የሚለው። የመጀመሪያው ሪፖርት የሚላከው በመጪው ወር በ15 ነው፤ ሦስት የፎቶ መግለጫዎች ይቀሩታል።